ከማረም በፊት ግልባጭ ይያዝ፤ ስለ አሮጌ ኮምፒዩተር ሀርድ ዲስክ ጥገና የቀረበ አስተያየት

ትልቁም ሆነ ትንሹ ንግድ ቤት የሒሳብ መዝገቡን፣ የዕቃውን ዝርዝርና የባለዕዳዎቹን ስም በኮምፒዩተር መያዝ ከጀመረ ብዙ ዓመት ሆኖታል። ቀድሞ በቈዳ የተጠረዘው ትልቁ መዝገብ ማታ ማታ በካዝና ውስጥ ይቈለፍ ነበር፤ ቍልፉም ከባለቤቱ ኪስ አይለይም ነበር። አሁን ግን ያ ሁሉ ገንዘብና ምስጢር የተጻፈበት ዕቃ ከጸሐፊው ጠረጴዛ ሥር፣ ከአቧራና ከመጥረጊያ ጋራ ተጐራብቶ ይገኛል። ይህንን የሚነቅፍ ሰው ቢኖር ነቀፋው ስለ ኮምፒዩተሩ እርጅና መሆን አይገባውም። ስምንትም ሆነ ዐሥር ዓመት ያገለገለ ኮምፒዩተር ደብዳቤ ለመጻፍና ሒሳብ ለመያዝ ዛሬም ይበቃል፤ የሚሠራ ዕቃ መጣልም የነጋዴ ልማድ አይደለም። ነቀፋ የሚገባው ይህ አሮጌ መሣሪያ መታመሙን በገለጸ ጊዜ በየጽሕፈት ቤቱ የሚደረገው የችኰላ ሥራ ነው።

ነገሩ አብዛኛውን ጊዜ የሚጀምረው ጧት ነው። ትናንት በሥራ ላይ ሳለ መብራት የጠፋበት ኮምፒዩተር ሲከፈት፥ የተለመደው ሥዕል መታየቱ ይቀርና በጥቁር መደብ ላይ ነጭ የእንግሊዝኛ ጽሑፍ ይወጣል። ጽሑፉም ከዲስኮቹ አንዱ መመርመር እንደሚያስፈልገው፥ ምርመራው እንዲቀር የሚፈልግ ሰው በጥቂት ሴኮንድ ውስጥ አንድ ቍልፍ መጫን እንደሚችል የሚገልጽ ነው። አንዳንዱ ጸሐፊ ደንበኛ ቆሞ ስለሚጠብቀው ሳያነበው ቍልፉን ተጭኖ ያልፋል፤ በማግሥቱም እንዲሁ፥ በሣልስቱም እንዲሁ እያደረገ ወር ይቈያል። ሌላው ደግሞ ከጓደኛው በቃል የሰማውን የእርማት ትእዛዝ ወደ ዲስኩ ይሰዳል። ከሁሉም የከፋው ግን ጠጋኝ ተጠርቶ ሲመጣ፥ ገና ወንበር ሳይስብ «ፎርማት ይደረግ» ብሎ የሚሰጠው ፍርድ ነው። ምርመራም፣ እርማትም፣ ፎርማትም እያንዳንዳቸው ጊዜና ቦታ አላቸው፤ ሰዎቹ የሚስቱት ቅደም ተከተሉን ነው።

ይህ ግልጽ ይሆን ዘንድ ሀርድ ዲስክ ምን እንደ ሆነ ጥቂት መናገር ያስፈልጋል። አይ.ቢ.ኤም. የተባለው የአሜሪካ ኵባንያ በፈረንጆች አቈጣጠር በ1956 ዓ.ም. የመጀመሪያውን የዲስክ ማከማቻ ባወጣ ጊዜ፥ 50 ክብ ሰሌዳዎች በአንድ ምሶሶ ላይ ተደርድረው ትልቅ ቁም ሣጥን የሚያህል ቦታ ይዘው ነበር፤ የሚሸከሙት ጽሑፍ ግን 5 ሚሊዮን ፊደል ያህል ብቻ ነበር። መሣሪያው የሚያገለግለው ራማክ ለሚባል ኮምፒዩተር ሲሆን፥ ይህ ስም ራሱ ሲተነተን የሒሳብ አያያዝና ቍጥጥር የሚሉ ቃላት ይገኙበታል። እንግዲህ ዲስክና የነጋዴ ሒሳብ ከጥንት ጀምሮ የተወዳጁ ናቸው ማለት ነው። ዛሬ በአሮጌ ኮምፒዩተር ውስጥ የሚገኘው ሀርድ ዲስክ በእጅ መዳፍ የሚያዝ ቢሆንም መሠረተ አሳቡ ያው ነው። ሰሌዳው አብዛኛውን ጊዜ በደቂቃ 5400 ወይም 7200 ዙር ይሽከረከራል፤ የሚያነብና የሚጽፍ ራስ ደግሞ ሰሌዳውን ሳይነካ ከፀጉር ውፍረት እጅግ ባነሰ ርቀት በላዩ ይንሳፈፋል። እንዲህ ያለ መሣሪያ ዓመታት ሙሉ መሥራቱ የሚያስደንቅ ነው፤ አንድ ቀን መድከሙ ግን ሊያስደንቅ አይገባም።

የሰሌዳው ስፍራ እንደ መጋዘን መደርደሪያ በቍጥር የተከፋፈለ ነው። እያንዳንዱ ትንሽ ክፍል ሴክተር ይባላል፤ በአሮጌዎቹ ዲስኮችም 512 ባይት ይይዛል። አንድ የሒሳብ ፋይል በአንድ ክፍል ስለማይበቃው በብዙ ክፍሎች ተከፋፍሎ ይቀመጣል፤ ክፍሎቹም ሁልጊዜ ጐን ለጐን አይገኙም። የትኛው ቍራጭ የት እንዳለ፣ ከእርሱ ቀጥሎ የሚመጣው የትኛው እንደ ሆነ፣ ባዶ ስፍራውም የቱ እንደ ሆነ የሚያመለክት መዝገብ በዚያው በዲስኩ ላይ አለ። የፋይል ሥርዓት የሚባለው ይህ የመጋዘን መዝገብ ነው። በአሮጌ ኮምፒዩተሮችና በፍላሾች ላይ የሚገኘው ፋት የተባለው ሥርዓት ዘሩ ከ1977 እ.ኤ.አ. ይመዘዛል፤ መዝገቡንም በሁለት ቅጂ የመያዝ ልማድ አለው። ማይክሮሶፍት በ1993 እ.ኤ.አ. ያወጣው ኤን.ቲ.ኤፍ.ኤስ. የተባለው ሥርዓት ደግሞ የበለጠ ጥንቁቅ ነው። ሊያደርገው ያሰበውን ለውጥ አስቀድሞ በማስታወሻ ይጽፋል፥ ከዚያ በኋላ ይፈጽማል፤ በመካከል መብራት ቢጠፋ ማስታወሻውን ተመልክቶ የጀመረውን ይጨርሳል ወይም ወደ ኋላ ይመልሳል። ሆኖም ይህ ማስታወሻ የሚጠብቀው የመዝገቡን መስመሮች ነው። ነጋዴው በዚያች ደቂቃ ይጽፈው የነበረው ፋቱራ ግማሹ ተጽፎ ግማሹ ቀርቶ እንደ ሆነ፥ ማስታወሻው ስለዚያ የሚያውቀው ነገር የለም።

የዲስክ ሕመም በሁለት ይከፈላል፤ ሁለቱም ለጸሐፊው ዓይን አንድ ዓይነት ሆነው ስለሚታዩ ብዙ ጥፋት የሚመጣው ከዚህ ነው። አንደኛው የመዝገብ መሳሳት ነው። መብራት በድንገት ሲጠፋ፣ ኮምፒዩተሩ በወጉ ሳይዘጋ ሶኬቱ ሲነቀል፣ ፍላሽ ጽሑፍ በመቀበል ላይ ሳለ ሲመነጨቅ መዝገቡና መደርደሪያው ይለያያሉ። አንድ ክፍል ተይዟል ተብሎ ተጽፎ ባለቤት ሳይገኝለት ይቀራል፤ ወይም ሁለት ፋይሎች አንዱን ክፍል የየራሳቸው አድርገው ይቈጥሩታል። በዚህ ጊዜ ዕቃው ራሱ ጤነኛ ነው፤ ጽሑፉ ነው የተዛባው። ሁለተኛው ግን የመደርደሪያው መበስበስ ነው። የሰሌዳው ፊት ተጐድቶ ወይም የሚያነበው ራስ ደክሞ፥ በመዝገቡ ላይ በትክክል የተጻፈው ክፍል ተፈልጎ ሲኬድ ሊነበብ አይችልም። ፊተኛው በሚገባ ቢታረም ዲስኩ ገና ብዙ ዓመት ሊያገለግል ይችላል። ኋለኛው ግን የሚታረም አይደለም፤ ዕለት ከዕለት የሚብስ ነው። ለሁለቱ አንድ መድኀኒት የሚሰጥ ጠጋኝ፥ ለራስ ምታትም ለእግር ስብራትም አንድ ክኒን ከሚያድል ሰው አይሻልም።

አሁን ወደ እርማቱ ፕሮግራም እንምጣ። በዊንዶውስ ኮምፒዩተር ላይ የሚገኘው ቼክ ዲስክ የተባለው ፕሮግራም በብዙ ሰው ዘንድ የጠፋ ጽሑፍ የሚመልስ ሐኪም ተደርጎ ይታመናል። በውነቱ ግን ሥራው የዕቃ ቈጣሪ ሥራ ነው። ቈጣሪ ወደ መጋዘን ገብቶ መዝገቡንና መደርደሪያውን ያመሳክራል፤ ልዩነት ባገኘ ጊዜ መዝገቡ እንዲስማማ አድርጎ ያርማል። የጐደለው ዕቃ የማን እንደ ነበረ፣ ዋጋው ስንት እንደ ሆነ፣ በዚያ ምክንያት የትኛው ደንበኛ እንደሚከፋ መጠየቅ ተግባሩ አይደለም። ባለቤት ያጡ ቍርጥራጮችን ሲያገኝ «ፋውንድ» የሚል ስም ባለው ፎልደር ውስጥ በተርታ ቍጥር ሰይሞ ያስቀምጣቸዋል፤ ስማቸውንና የነበሩበትን ቦታ ግን አይመልስም። ወይም ስፍራው ባዶ ነው ብሎ ይለቀዋል። ሊነበብ ያልቻለውን ክፍል ብልሹ ብሎ ምልክት ያደርግበታል፤ በውስጡ የነበረው ጽሑፍም በዚያው ይቀራል። ሥራውን ሲጨርስ «ተስተካክሏል» የሚል ቃል ይወጣል፤ ቃሉም እውነት ነው፥ መዝገቡ ተስተካክሏልና። ነጋዴው ግን የተስተካከለው ሒሳቡ ይመስለዋል።

ይህ ልዩነት ምን ያህል እንደሚከብድ ለማየት የሒሳብ ፕሮግራሞችን አሠራር መመልከት ይበቃል። እንደ ፒችትሪ ባለው ፕሮግራም የአንድ ድርጅት ሒሳብ እርስ በርስ በተሳሰሩ ብዙ ፋይሎች ተከፋፍሎ ይቀመጣል፤ ደንበኞች በአንዱ፥ ሽያጭ በሌላው፥ የዕቃ ሚዛን በሦስተኛው ይገኛል። ከእነዚህ የአንዱ ጅራት ተቈርጦ ቢቀር ሌሎቹ ጤነኞች ቢሆኑም ጠቅላላው ሒሳብ አልከፈት ሊል ይችላል፤ ወይም ከዚያ የከፋ ነገር ይመጣል፥ ይኸውም ተከፍቶ የተሳሳተ ድምር ያሳያል። አልከፈት ያለ ሒሳብ ቢያንስ ያስጠነቅቃል። ተከፍቶ የሚዋሽ ሒሳብ ግን ግብር እስኪከፈል ድረስ ሳይታወቅ ሊኖር ይችላል። የፕሮግራሙ እርማት ደግሞ አንድ ጊዜ ከተፈጸመ በኋላ ወደ ኋላ የሚመለስበት መንገድ የለውም፤ ከእርማቱ በፊት ዲስኩ እንዴት እንደ ነበረ የሚያሳይ ሌላ ነገር ከሌለ፥ የተሻለ ዐዋቂ ቢመጣም የሚሠራበት ነገር አያገኝም።

የቀድሞው ጽሕፈት ቤት በዚህ ረገድ ከዛሬው ይሻል ነበር። የጽሕፈት መኪና በነበረበት ዘመን አንድም ደብዳቤ ያለ ካርቦን አይጻፍም ነበር፤ ዋናው ወደ ተላከለት ሰው ሲሄድ ግልባጩ በፋይል ይቀር ነበር። ግልባጭ የሌለው ደብዳቤ ያወጣ ጸሐፊ እንደ ሰነፍ ይቈጠር ነበር። ኮምፒዩተር ከገባ በኋላ ግን ሁሉ ነገር «እዚያ አለ» ስለሚባል ግልባጭ የመያዝ ልማድ ቀስ በቀስ ጠፋ። ነገሩ የሚያስገርመው ግልባጭ መያዝ እንደ ዛሬ ቀላል ሆኖ አለማወቁ ነው፤ የዐሥር ዓመት ሒሳብ በኪስ በሚያዝ ዕቃ ላይ በአንድ ምሳ ሰዓት ይገለበጣል።

ስለዚህ ያ ጥቁር መደብ በታየ ቀን የመጀመሪያው ሥራ ማረም መሆን የለበትም። ምርመራው እንዲቀር የሚያደርገውን ቍልፍ በዚያች አንዲት ጧት መጫን ተገቢ ነው፤ ይህንም ማድረግ የሚገባው ለመገልበጥ ሲባል ብቻ ነው። ኮምፒዩተሩ ከተከፈተ አዲስ ፋቱራ ሳይጻፍበት፥ አዲስ ፕሮግራምም ሳይጫንበት፥ በመጀመሪያ የሒሳቡ ፎልደር እንዳለ፣ ቀጥሎ የደንበኞችና የዱቤ ዝርዝር፣ ከዚያም ደብዳቤዎችና ውሎች ከውጭ ወደሚሰካ ሌላ ሀርድ ዲስክ ይገልበጡ። ዘፈንና ፎቶግራፍ ወደ ኋላ ይቈዩ። እዚህ ላይ ብዙ ንግድ ቤቶችን ያሳሳተ አንድ ነገር ሳይነሣ መታለፍ የለበትም። አያሌ ሰዎች ጽሑፋቸውን «ሲ» ከተባለው ወደ «ዲ» ወደተባለው ስፍራ ገልብጠው ግልባጭ የያዙ ይመስላቸዋል። በአብዛኛው አሮጌ ኮምፒዩተር ግን «ሲ» እና «ዲ» የአንድ ዲስክ ሁለት ክፍሎች ናቸው፤ ሰሌዳው ሲበላሽ አብረው ይበላሻሉ። ይህ ዋናውንና ግልባጩን በአንድ ፖስታ ከቶ ፖስታውን እንደ መጣል ያለ ነው።

ግልባጩ ከተያዘ በኋላ የሕመሙ ዓይነት ይለይ። ሀርድ ዲስኮች ስማርት የተባለ የራሳቸው የጤና መዝገብ አላቸው፤ ይህንንም እንደ ክሪስታል ዲስክ ኢንፎ ያሉ ያለ ዋጋ የሚገኙ ፕሮግራሞች ያነቡታል። በዚያ መዝገብ ላይ መታየት የሚገባቸው መስመሮች ጥቂቶች ናቸው። ቍጥር 5 ዲስኩ ብልሹ ክፍሎችን ትቶ በመጠባበቂያ የተካቸውን ያመለክታል። ቍጥር 197፥ በአንዳንድ ፕሮግራም «ሲ5» ተብሎ የሚጻፈው፥ ሊነበቡ ስላልቻሉ ፍርድ የሚጠብቁትን ክፍሎች ያመለክታል። በእነዚህ መስመሮች የተመዘገበው መጠን ዜሮ ካልሆነ፥ ይልቁንም ከሳምንት ወደ ሳምንት እያደገ ከሄደ፥ መደርደሪያው በመበስበስ ላይ ነው፤ ሌላ ዲስክ መግዛት እንጂ ማረም ጥቅም የለውም። ቍጥር 199 ወይም «ሲ7» ብቻውን እያደገ ከሄደ ግን ጥፋቱ ብዙ ጊዜ የዲስኩ አይደለም፤ ዲስኩን ከዋናው ሰሌዳ ጋራ የሚያገናኘው ኬብል ላልቷል ወይም ተጐድቷል። ዲስክ ተጥሎ አዲስ ከተገዛ በኋላ ያው ችግር ተመልሶ የታየበት ጊዜ ብዙ ነው፥ ምክንያቱም የተለወጠው ያልታመመው ክፍል ስለ ነበረ ነው።

ኬብሉ ተለውጦ፥ የጤና መዝገቡም ንጹሕ ሆኖ ከተገኘ፥ እንግዲያውስ የእርማት ጊዜ ደርሷል። ቼክ ዲስክ ያለ ምንም ተጨማሪ ፊደል ሲታዘዝ ይመረምራል እንጂ አያርምም፤ መጀመሪያ በዚህ መልክ ይታዘዝና የሚለው ይነበብ። በሥራ ላይ ያለ ዲስክ ሲመረመር አንዳንድ ጊዜ የሌለ ስሕተት እንደሚያሳይ ግን ማወቅ ይገባል። «ኤፍ» የሚለው ፊደል ሲጨመርለት መዝገቡን ያርማል፤ ዊንዶውስ ያለበት ዲስክ ሲሆን ሥራው የሚፈጸመው ኮምፒዩተሩ ጠፍቶ ሲነሣ ነው። «አር» የሚለው ፊደል ከተጨመረ ደግሞ እርማቱን ጨምሮ እያንዳንዱን ክፍል አንድ በአንድ ለማንበብ ይሞክራል። ይህ በትልቅ ዲስክ ላይ ብዙ ሰዓት ይፈጃል። ሰው ሁሉ በጥንካሬው የሚመርጠው ይህንን የኋለኛውን ነው፤ ነገር ግን በሚሞት ዲስክ ላይ ይህን ማዘዝ፥ ልቡ የደከመ ሽማግሌ ተራራ እንዲወጣ ማዘዝ ነው። እስከ ማግሥቱ ሊቈይ የሚችለውን ትንፋሽ፥ ባዶ ስፍራዎችን ሳይቀር በማንበብ ያባክነዋል። በየትኛውም እርማት መካከል መብራት ቢጠፋ ከመጀመሪያው የባሰ ጕዳት ሊደርስ ስለሚችል፥ ባትሪው የሚሠራ ዩ.ፒ.ኤስ. ሳይኖር ይህ ሥራ አይጀመር። የዩ.ፒ.ኤስ. ባትሪ በጥቂት ዓመት ውስጥ እንደሚደክም የሚያስታውስ ሰው ጥቂት ነው፤ መብራቱ አረንጓዴ ሆኖ መብራት ሲጠፋ አብሮ የሚጠፋ ዩ.ፒ.ኤስ. በየሱቁ ሞልቷል።

ዲስኩ በመሞት ላይ ሆኖ መደበኛው አገለባበጥ ካልተሳካስ? በዚህ ጊዜ ለዚሁ የተዘጋጀ፥ ዲዲ ሬስኪዩ የተባለ በሊኑክስ ላይ የሚሠራ ነጻ ፕሮግራም አለ። ይህ ፕሮግራም በቀላሉ የሚነበበውን ክፍል አስቀድሞ ወደ ጤነኛ ዲስክ ይገለብጣል፤ አስቸጋሪውን እየዘለለ በማስታወሻ ይይዝና በመጨረሻ ይመለስበታል። ቢቋረጥም ካቆመበት ይቀጥላል። እርማቱ የሚደረገው በግልባጩ ላይ ስለ ሆነ፥ ቢበላሽ እንኳ ዋናው ከነሕመሙ እንዳለ ይቈያል። ሥራው የዐዋቂ እጅ ይፈልጋል፤ ጠጋኝ ሲመረጥም ስለዚህ ዘዴ ምን እንደሚል መጠየቅ ዕውቀቱን ለመመዘን ይረዳል። ዲስኩ ጨርሶ ቀጭ ቀጭ የሚል ድምፅ የሚያሰማ ከሆነ ግን ማንኛውም ፕሮግራም አይረዳውምና ወዲያው ይጥፋ። ክዳኑን መክፈት፥ ወይም አንዳንዶች እንደሚያወሩት በፍሪጅ ውስጥ ማሳደር፥ ተስፋውን ሁሉ ማጥፋት ነው።

በዚህ አሳብ ላይ የሚነሣው ተቃውሞ አንደኛ የገንዘብ ነው። ኮምፒዩተሩ ራሱ ቢሸጥ ይህን ያህል አያወጣም፥ ስለ ምን ለእርሱ ሲባል ሌላ ዲስክ ይገዛል የሚል ነጋዴ አለ። ክርክሩ ስለ መሣሪያው ዋጋ ቢሆን ኖሮ ትክክል ነበር። ነገር ግን አንድ የጨርቃ ጨርቅ ነጋዴ በየክፍለ ሀገሩ ለሚገኙ ቸርቻሪዎች በዱቤ የሰጠው ዕቃ ዝርዝር በዚያ ዲስክ ላይ ብቻ ይገኛል እንበል። ዝርዝሩ በጠፋ ማግሥት ዕዳውን የሚያውቀው ባለዕዳው ብቻ ይሆናል። ጨዋው ባለዕዳ የሚያስታውሰውን ይከፍላል፤ ያልሆነው ደግሞ ደረሰኝ አምጣ ይላል። ከዚህም በቀር በ1952 ዓ.ም. የወጣው የንግድ ሕግም ሆነ በ2013 ዓ.ም. በአዋጅ ቍጥር 1243 የተተካው አዲሱ ሕግ ነጋዴ የሒሳብ መዝገብ የመያዝና የመጠበቅ ግዴታ እንዳለበት ይደነግጋል። ለመርማሪ ፊት «ዲስኩ ተበላሸብኝ» ማለት አይጥ በላው ከማለት የተሻለ ክብደት ያለው መልስ አይደለም።

ሁለተኛው ተቃውሞ፥ ጽሑፉ በኢንተርኔት ላይ ተቀምጧልና ሌላ ግልባጭ አያስፈልግም የሚል ነው። ይህ በከፊል እውነት አለው። ሆኖም ከኮምፒዩተሩ ጋራ ሁልጊዜ የሚመሳሰል ማከማቻ የተበላሸውንም ፋይል ተቀብሎ በጤነኛው ላይ ሊተካው ይችላል፤ የቀድሞው ቅጂ ምን ያህል ቀን ተጠብቆ እንደሚቈይ ሳያውቁ በእርሱ ብቻ መተማመን አይገባም። ዊንዶውስ 7 በጥር 2012 ዓ.ም.፥ ዊንዶውስ 10 ደግሞ በጥቅምት 2018 ዓ.ም. መደበኛ ድጋፋቸው ማብቃቱም በአሮጌ ኮምፒዩተር ኢንተርኔት ላይ ብዙ መመላለስን የሚያስጠነቅቅ ነው። የዲስክ መመርመሪያው ፕሮግራም ግን ድጋፉ ባበቃበትም ዊንዶውስ ላይ ይሠራል።

ከሁሉ ይልቅ መታረም የሚገባው ግን የኀላፊነቱ ነገር ነው። ሒሳቡ የጠፋ ዕለት የመጀመሪያው ተከሳሽ ጸሐፊው ነው፤ ደመወዙ የተቀነሰበት፥ ከሥራም የተሰናበተ አለ። ነገር ግን ለግልባጭ የሚሆን ዲስክ ሳይገዛለት፥ በሳምንት አንድ ሰዓት ኮምፒዩተሩን ከሥራ አግልሎ እንዲገለብጥ ሳይፈቀድለት፥ ጠጋኝ ሲጠራም ምን እንዲያደርግ በጽሑፍ ሳይታዘዝ የቀረ ጸሐፊ በምን ይጠየቃል? ባለቤቱ ካዝና ሳይገዛ ገንዘብ ያዡን ስለ ሌባ ሊከስሰው አይችልም። ደንቡ አጭር ሊሆን ይችላል። በየሳምንቱ ዐርብ ከመዘጋቱ በፊት ሒሳቡ በፕሮግራሙ በራሱ የመጠባበቂያ ትእዛዝ ይገልበጥ፤ ሁለት ዲስኮች በተራ ያገልግሉ፥ አንዱ በካዝና ሌላው በባለቤቱ ቤት ይደር፤ በወር አንድ ጊዜም ግልባጩ በሌላ ኮምፒዩተር ላይ ተከፍቶ ድምሩ ከዋናው ጋራ ይመሳከር። ተከፍቶ ያልታየ ግልባጭ ካርቦኑ ተገልብጦ ገብቶበት ባዶ እንደ ወጣ ወረቀት ሊሆን ይችላል። ጠጋኙም ሥራ ከመጀመሩ በፊት፥ ያለ ባለቤቱ ፊርማ ፎርማትም ሆነ እርማት እንዳያደርግ በሥራ ትእዛዙ ላይ ይጻፍለት፤ ዲስክ ከለወጠም አሮጌውን ይመልስ።

የንግድ ምክር ቤቱ በዚህ ጕዳይ ሊሠራው የሚችለው አንድ ጠቃሚ ነገር አለ። ለአባል ንግድ ቤቶች ጸሐፊዎችና ሒሳብ ያዦች የግማሽ ቀን ሠርቶ ማሳያ ቢያዘጋጅ፥ ወጪው ትንሽ ጥቅሙ ብዙ ይሆናል። በማሳያው ላይ የንግግር ብዛት አያስፈልግም፤ የስማርት መዝገብ ሲነበብ፥ ኬብል ሲለወጥ፥ አንድ ፎልደር በትክክል ሲገለበጥና ግልባጩ ሲፈተሽ በዓይን ቢታይ ይበቃል። አዲስ ዲስክ መግዛትም አያስፈልግም፤ በየንግድ ቤቱ ዕቃ ቤት የተጣሉ አሮጌ ዲስኮች ለዚህ ይሆናሉ። ይሁን እንጂ በፍጥነት የተደረገ ፎርማት የመጋዘኑን መዝገብ ብቻ ቀዶ ዕቃውን እንዳለ ስለሚተወው፥ የሚያዋጣ ነጋዴ ሁሉ ዲስኩን ከመላኩ በፊት ሙሉውን ፎርማት ያስደርግ፤ ይህም በዊንዶውስ 7ና ከዚያ ወዲህ በወጡት ሲደረግ ዲስኩን ሙሉ በሙሉ በባዶ ጽሑፍ ይሸፍነዋል።